የኮሌጅ አሰልጣኝ ውል ማራዘም፦ ዩኒቨርሲቲውን የሚያከስረው ጭማሪው ነው ወይስ ዋስትናው?

ሸገር_ዳላስ
ፉትቦል ስል የእኛን ኳስ ሳይሆን የአሜሪካውን ነው፣ ከመጀመሪያው ይታወቅልኝ።

በ2025 የውድድር ዓመት ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን ኦክቶበር 12 አሰናበተ። ልክ በሁለት ሳምንቱ ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ደግሞ ብራያን ኬሊን ኦክቶበር 26 ሸኘ። ሁለቱም በ2021 መጨረሻ የአሥር ዓመት ውል የፈረሙ ናቸው፤ ስድስት ዓመት ገና ይቀራቸው ነበር። ለፍራንክሊን 49 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኬሊ 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ማፍረሻ፣ ማለትም ውሉ ሳያልቅ ለማሰናበት የሚከፈል ገንዘብ፣ ተሰላ።

ሰዎቹ ደካሞች አይደሉም። ፍራንክሊን ከመሰናበቱ በፊት በነበረው የውድድር ዓመት ቡድኑን እስከ ፕሌይኦፍ (የአገር አቀፉ ዋንጫ የጥሎ ማለፍ ውድድር) ግማሽ ፍጻሜ አድርሷል። ኬሊም ኤል ኤስ ዩ በቆየበት ጊዜ 34 አሸንፎ 14 ተሸንፏል። እንግዲህ ጥያቄዬ፦ አሰልጣኝ ጥሩ ዓመት ባሳለፈ ቁጥር ውል ማራዘምና ደመወዝ መጨመር ይገባዋል? የኔ አቋም ጭማሪው ይገባዋል የሚል ነው። ማራዘሚያው ግን በእጁ ባለው ውል ላይ ከሦስት ዓመት በላይ ከቀረው አይገባውም። በሉ ተከራከሩኝ።

የሒሳብ_ሰው
ልክ ነህ፣ ግን ልዩነቱ በቁጥር ካልታየ ሰው አያምንም። የጂምቦ ፊሸርን ውል እንሥራው።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በዲሴምበር 2017 ሲያስፈርመው ለ10 ዓመት 75 ሚሊዮን፣ ሁሉም ዋስትና ያለው፣ ማለትም ቢባረርም የሚከፈለው። በዓመት 7.5 ማለት ነው፣ እስከ 2027። በ2020 ቡድኑ 9 አሸንፎ 1 ተሸነፈ፣ ኦሬንጅ ቦውል የሚባለውን ትልቅ የዓመት መዝጊያ ጨዋታም ወሰደ። በዚያ ሞቅታ በሴፕቴምበር 2021 ውሉን እስከ 2031 አራዘሙለት፣ ክፍያውም ከ2022 ጀምሮ ወደ 9 ሚሊዮን አደገ። ያን ዕለት በአሮጌው ውል ላይ የ2021ን ሳይጨምር ስድስት የውድድር ዓመት ይቀረው ነበር። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው።

በ2022 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ፤ ኖቬምበር 2023 ተሰናበተ። የማፍረሻው አከፋፈል በ60 ቀን ውስጥ 19.2 ሚሊዮን፣ ከዚያ በየዓመቱ 7.2 ሚሊዮን እስከ 2031። 7.2 ሲባዛ በ8 57.6 ነው፣ 19.2 ሲደመርበት 76.8 ሚሊዮን።

አሁን ውሉን ከፋፍላችሁ እዩት። ምንም ባይነኩት ኖሮ ከ2024 እስከ 2027 ለአራት ዓመት በ7.5፣ 30 ሚሊዮን ከፍለው ይሸኙት ነበር። ጭማሪውን ብቻ ሰጥተው ዓመቱን ባይነኩት ኖሮ አራት ዓመት በ9፣ 36 ሚሊዮን። በሠራባቸው ሁለት ዓመታት የበላውን ተጨማሪ 3 ሚሊዮን ደምሩበት፤ ጭማሪው በጠቅላላ ያስወጣው 9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከ36 እስከ 76.8 ያለው የ40 ሚሊዮን ክፍተት በሙሉ የማራዘሚያው ነው። ጋዜጣ ላይ ግን ርዕስ የሚሆነው ምንጊዜም ዓመታዊ ደመወዙ ነው።

ቨርጂኒያ_ቢች
ታዲያ የፍራንክሊን 49 ሚሊዮን ለምን ወደ 9 ወረደ? ሁለቱም ዋስትና ያላቸው አይደሉም እንዴ?

የሒሳብ_ሰው
ጥሩ ጥያቄ። ዋስትና ያለው መሆኑ አንድ ነገር ነው፣ አሰልጣኙ ሌላ ሥራ ሲይዝ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑ ሌላ ነገር። የፊሸር ውል ላይ ሥራ የመፈለግ ግዴታም ተቀናሽም አልነበረም፤ በማግሥቱ ሌላ ቦታ ቢቀጠር ሁለቱንም ደመወዝ ይበላ ነበር። የፍራንክሊን ላይ ግን ተቀናሽ ነበረ። ኖቬምበር 2025 ቨርጂኒያ ቴክ ቀጠረውና ከፔን ስቴት ጋር በ9 ሚሊዮን ተዘጋ። አንዲት አንቀጽ 40 ሚሊዮን ዶላር አተረፈች። ማራዘሚያ የሚፈቅድ ቦርድ ይህችን አንቀጽ ሳያነብ እጁን ማውጣት የለበትም።

ምልመላ_ተከታታይ
ሁላችሁም ማራዘሚያን እንደ ስጦታ ነው የምታዩት። ሥራው እንደዚያ አይደለም።

ምልምሉ የ17 ዓመት ልጅ ነው፣ እናቱ ሳሎን ተቀምጠው የሚሰሙት ደግሞ የተፎካካሪውን አሰልጣኝ ወሬ ነው። «ያ ሰውዬ ውሉ ሁለት ዓመት ነው የቀረው፤ ልጅዎ ሦስተኛ ዓመት ሳይደርስ ይባረራል» ይሏቸዋል። ይሄ በየዓመቱ የሚሠራበት ዘዴ ነው። ተጫዋች የመጫወት መብቱ አራት ዓመት ስለሆነ አሰልጣኙም ሁልጊዜ ቢያንስ አራት ዓመት በእጁ ሊኖረው ይገባል የሚለው ልማድ ከዚያ መጣ። ረዳት አሰልጣኞችም እንደዚያው ናቸው፣ ጥሩ ረዳት ሊባረር ከተቃረበ ሰው ጋር ሊሠራ አይመጣም። ማራዘም ከተውክ ደመወዝ አተረፍክ፣ ምልመላው ላይ ግን ከሰርክ።

ሸገር_ዳላስ
ወንድሜ፣ ይሄ ከ2021 በፊት ወርቅ የሆነ ክርክር ነበር። በዚያ ዓመት ተጫዋች አንድ ዓመት ከጨዋታ ሳይታገድ ለአንድ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ እንዲቀይር ተፈቀደ፣ በ2024 ደግሞ የአንድ ጊዜ ገደቡም ተነሣ። ዛሬ ምልምሉ አራት ዓመት እቆያለሁ ብሎ አይፈርምም፤ አሰልጣኙ ከሄደ እሱም ይሄዳል። እናትየው አሁን የሚጠይቁት የአሰልጣኙን ዓመት ሳይሆን የልጁን ክፍያ ነው። አስቂኙ ነገር ምክንያቱ ሞቶ ልማዱ መቅረቱ ነው። የነፍራንክሊንንና የኬሊን ረጃጅም ውሎች እኮ የተፈራረሙት ዝውውሩ ከተከፈተ በኋላ ነው!

ምልመላ_ተከታታይ
ግማሹን እቀበላለሁ። የረዳቶቹ ጉዳይ ግን አሁንም አለ። መፍትሔው ያለ ዋስትና ዓመት መጨመር ነው፤ ወረቀቱ ላይ አምስት ዓመት ይነበባል፣ ዋስትናው ግን ለሁለቱ ብቻ ይሆናል። ለምልመላ የሚያስፈልገው የሚነበበው ቁጥር ነው።

ሚሲሲፒን ተመልከቱ። በግዛቱ ሕግ ምክንያት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ከአራት ዓመት በላይ ውል ሊኖረው አይችልም። ኦል ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ) ከአሰልጣኙ ሌን ኪፊን ጋር ይህን ሁሉ ጊዜ የሠራው በአራት ዓመት ውል ነው፣ ምልመላውም አልሞተም። በመጨረሻ ኪፊን ኖቬምበር 2025 ወደ ኤል ኤስ ዩ ሄደ፣ በ7 ዓመት 91 ሚሊዮን። አሥር ዓመት ቢሰጡት ይቀር ነበር የሚል ካለ ይምጣ።

ላንሲንግ_48
የሚሺጋን ስቴቱ አሰልጣኝ የሜል ታከር ጉዳይ እንዴት እስካሁን አልተነሣም? ማራዘሚያ የሚሰጥበትን ሰዓት ለማየት ከሱ የተሻለ ምሳሌ የለም።

ሚሺጋን ስቴት በ2021 11 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። ኖቬምበር 20 ከኦሃዮ ስቴት ጋር ተጫውቶ 56 ለ 7 ተቀጠቀጠ። ኖቬምበር 24፣ ማለትም በአራተኛው ቀን፣ የ10 ዓመት 95 ሚሊዮን ዶላር ውል ተፈረመ። ለምን ተቸኮለ? ኤል ኤስ ዩም ዩ ኤስ ሲም (የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ያን ሳምንት አሰልጣኝ ይፈልጉ ነበር፣ የታከርም ስም ይነሣ ነበር። ገንዘቡን በአብዛኛው ያቀረቡት ሁለት ሀብታም ለጋሾች ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 5 አሸንፎ 7 ተሸነፈ።

በሴፕቴምበር 2023 ዩኒቨርሲቲው በሥነ ምግባር ጥሰት ውሉን ያለ ማፍረሻ ክፍያ አቋረጠ፣ ነገሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በውጤት ምክንያት ቢሰናበት ኖሮ ግን ወደ 80 ሚሊዮን ገደማ ይቆጠር ነበር። ለጋሽ ከፈለ ብሎ መዝናናትም አይገባም። ለጋሹ ቃል የሚገባው ለዚያ ዓመት አሰልጣኝ ነው፤ ውሉን የሚፈርመውና የሚጠየቀው ግን ዩኒቨርሲቲው ነው።

አቶ_ታዛቢ
ይሄ አዲስ በሽታ አይደለም። ኖትር ዳም በ2005 ቻርሊ ዋይስን ሰባት ጨዋታ እንደመራ የ10 ዓመት ማራዘሚያ ሰጠው። ሰባት ጨዋታ! ያውም ከዩ ኤስ ሲ ጋር በመጨረሻ ሰኮንዶች 34 ለ 31 ከተሸነፈ በኋላ ነው። በ2009 መጨረሻ አሰናበቱትና በድምሩ 19 ሚሊዮን ገደማ ከፈሉ። በቆንጆ ሽንፈት ውል የተራዘመለት ሰው ከሱ ሌላ ትዝ አይለኝም።

ብሉሚንግተን_ሰው
የከሸፉትን ብቻ ትቆጥራላችሁ። ኩርት ሲግኔቲስ?

ኢንዲያና በፉትቦል ታሪኩ በመሸነፍ የሚታወቅ ቤት ነው። ሲግኔቲ በ2023 መጨረሻ መጣ፣ በኖቬምበር 2024 10 ጨዋታ ሳይሸነፍ እንደቆመ የ8 ዓመት 72 ሚሊዮን ውል ተሰጠው፣ ዓመቱንም 11 አሸንፎ 2 ተሸንፎ ጨረሰ። ኦክቶበር 2025 ላይ እንደገና ቀደዱትና ሌላ የ8 ዓመት 93 ሚሊዮን ጻፉለት፣ በአማካይ 11.6 በዓመት። በዚያው የውድድር ዓመት ኢንዲያና ሳይሸነፍ የአገር አቀፉን ዋንጫ አነሣ። በአሥራ አንድ ወር ሁለት ጊዜ ማራዘም እብደት ይመስላል፣ ግን ቀኑን እዩ፦ ሁለተኛው የተፈረመው ፔን ስቴት ፍራንክሊንን ባሰናበተ በአራተኛው ቀን ነው። ሲግኔቲ ደግሞ የፔንሲልቬኒያ ልጅ ነው። ያን ሳምንት ቢተኙ ኖሮ ሰውዬው ይሄድ ነበር፣ ቲኬቱም ለጋሹም አብሮት።

የሒሳብ_ሰው
ሲግኔቲ ይገባዋል፣ አልከራከርም። ግን ያልከው ራሱ የኔን ነጥብ ነው የሚደግፈው። እውነተኛ ጠያቂ ነበረ። ለፊሸር በሴፕቴምበር 2021 ማን ጠየቀ? ኤል ኤስ ዩ እንኳን አሰልጣኙን ለመቀየር የወሰነው በኦክቶበር ነው።

ሌላው የተረሳ ነገር አሰልጣኙ በራሱ ፈቃድ ሲሄድ የሚከፍለው ነው። ዩኒቨርሲቲው ለማባረር 50 ሚሊዮን ይከፍላል፣ አሰልጣኙ ለመሄድ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ያነሰ፤ እሱንም የሚከፍልለት የሚቀጥረው ትምህርት ቤት ነው። ማራዘሚያ ሲሰጥ ይህ ቁጥር አብሮ ካልጨመረ ዩኒቨርሲቲው የገዛው ነገር የለም። ክሌምሰን በ2019 ለዳቦ ስዊኒ 10 ዓመት በ93 ሚሊዮን ሲፈርም ብልሃት ተጠቅሟል፦ ወደ አላባማ ከሄደ የመውጫ ክፍያው በአንድ ተኩል እጥፍ ይሰላል። ስዊኒ የአላባማ ተጫዋች ስለነበር ፈተናው ከየት እንደሚመጣ አውቀዋል። የአላባማው አሰልጣኝ ኒክ ሴባን በጃንዋሪ 2024 ጡረታ ሲወጣ ስዊኒ ክሌምሰን ቀረ።

ሜሪላንድ_እናት
እኔ የጨዋታው ሰው አይደለሁም፣ ክፍያው ግን የኛም ነው። ከልጆቻችን ትምህርት ክፍያ ውስጥ ስንቱ ነው እዚህ የሚገባው?

ቨርጂኒያ_ቢች
እንደ ዩኒቨርሲቲው ይለያያል፣ እማማ። እነ ኤል ኤስ ዩና ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የሚኖሩት በቴሌቪዥን ገንዘብ፣ በቲኬትና በለጋሽ ነው። ተማሪው ላይ የሚወድቀው ከዚያ ዝቅ ባሉት ቤቶች ነው። ቨርጂኒያ በ2015 ስፖርት ክፍሉ ከተማሪ ክፍያ የሚያገኘውን ድርሻ የሚገድብ ሕግ ያወጣችው ለዚህ ነው። ብዙ የሐበሻ ልጆች የሚማሩበት ጆርጅ ሜሰን ፉትቦል ቡድን እንኳን የለውም፣ የግዴታ ክፍያው ውስጥ ግን የስፖርት ድርሻ አለ። ዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የግዴታ ክፍያዎች ዝርዝር የሚለውን ይክፈቱ፤ የስፖርቱ ለብቻው ተጽፎ ያገኙታል። በዶርምና በምግብ ሒሳብ ውስጥ አይፈልጉት።

ሜሪላንድ_እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውሉን ራሱንስ ማየት ይቻላል?

ላንሲንግ_48
የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ አዎ። ውሉ የሕዝብ ሰነድ ነው። መጀመሪያ የቦርዱን ስብሰባ አጀንዳና አባሪዎች ይፈልጉ፣ ብዙ ጊዜ ፒዲኤፉ እዚያ ተለጥፏል። ከሌለ በግዛቱ የመረጃ ነጻነት ሕግ መሠረት ለዩኒቨርሲቲው የሰነድ ክፍል በኢሜይል መጠየቅ ነው። ሲጠይቁ «ውሉን» ብቻ አይበሉ፤ «ውሉን፣ ማሻሻያዎቹንና የመግባቢያ ሰነዱን» ይበሉ። ዋናው ቁጥር ሁልጊዜ ማሻሻያው ውስጥ ነው የሚደበቀው። የግል ዩኒቨርሲቲ አይሰጥም። ፔን ስቴትም የመንግሥት ገንዘብ እየወሰደ በፔንሲልቬኒያ ሕግ ከአብዛኛው የመረጃ ግዴታ ነጻ ነው፣ እሱ ራሱ ሌላ ጉድ ነው።

ሰነዱ እጅዎ ሲገባ ከደመወዙ አይጀምሩ። «ያለ ጥፋት ማሰናበት» የሚለውን አንቀጽ ፈልገው ስንት በመቶ እንደሚል ይዩ። 100 ከሆነ ችግር ነው። ቀጥሎ አከፋፈሉን፦ በየወሩ ወይስ በአንድ ጊዜ? ኦበርን ለገስ ማልዛን በ2020 21.45 ሚሊዮን ሲከፍል ግማሹን በ30 ቀን ውስጥ ማውጣት ነበረበት፤ በየወሩ ቢሆን ሸክሙ ይቀል ነበር። ከዚያ «በጥፋት ማሰናበት»ን ያንብቡ፣ አንቀጹ ቀጭን ከሆነ ዩኒቨርሲቲው ፍርድ ቤት አይቆምም።

አግባቢ_ነኝ
ተቀናሽ አለ ብላችሁ ግን አትተኙ፣ እሱም ቀዳዳ አለው። አሰልጣኙ ዝቅተኛ ደመወዝ ያለው የአማካሪ ሥራ ከያዘ የሚቀነሰው ያችው ትንሽ ናት፣ የቀረውን የቀድሞ ቤቱ ይሞላል። አርካንሶ ብሬት ቢየለማን በ2017 ካሰናበተ በኋላ ሰውዬው ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ የሚባለው የፕሮፌሽናል ቡድን ገባ፤ ከፋዩ ፋውንዴሽን «በቂ ሥራ አልፈለገም» ብሎ ክፍያ አቆመ፣ እሱ በ2020 ከሰሰ፣ በ2021 ታረቁ። ስለዚህ ጥሩ ውል «ተቀናሹ የሚሰላው ከሚያገኘው ደመወዝ ወይም ለዚያ ሥራ ከሚገባው የገበያ ዋጋ ከፍ ባለው ነው» ብሎ ይጽፋል። ይህች «ወይም» ብዙ ጠበቃ ታስርባለች።

የኬሊ ላይ ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። ኖቬምበር 2025 ባቀረበው ክስ እንደተጻፈው፣ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች እሱን ያሰናበተው የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር ሥልጣን አልነበረውም የሚል ክርክር አንሥተውበታል። በመጨረሻ ያለ ጥፋት መሰናበቱን አምነው ሙሉው ማፍረሻ እንደሚገባው አረጋገጡ። ማራዘሚያውን ማን ይፈርማል፣ ማሰናበቻውንስ ማን ይፈርማል የሚለው ውሉ ላይ በግልጽ ካልተጻፈ መጨረሻው ይሄ ነው።

አቶ_ታዛቢ
ስለ ዳይሬክተሩ ካነሣችሁ፣ ፊሸርን በ2017 ለኤ ኤንድ ኤም የቀጠረውም ኬሊን በ2021 ለኤል ኤስ ዩ ያስፈረመውም አንድ ሰው ነው፣ ስኮት ውድዋርድ። የሉዊዚያና ገዥ ጄፍ ላንድሪ ቀጣዩን አሰልጣኝ ውድዋርድ እንደማይመርጥ በአደባባይ ተናገሩ፣ ውድዋርድም በማግሥቱ ለቀቀ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን የፊሸርን ማራዘሚያ የፈረመው እሱ አይደለም፣ ያን ጊዜ ኤል ኤስ ዩ ነበር።

የሒሳብ_ሰው
ግብሩንም አትርሱ። በ2017ቱ የግብር ሕግ ከግብር ነጻ የሆነ ድርጅት ከ1 ሚሊዮን በላይ በሚከፍለው ደመወዝ ላይ 21 በመቶ ይከፍላል። የግል ዩኒቨርሲቲ ለአሰልጣኝ 8 ሚሊዮን ከከፈለ በ7ቱ ላይ 1.47 ሚሊዮን ለመንግሥት ይሄዳል። ማራዘሚያው ላይ «8 ሚሊዮን» ሲጻፍ ከካዝናው የሚወጣው 9.47 ነው። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙዎቹ አይመለከተንም ይላሉ።

ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፣ የ2025-26 ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ነው። የፊሸር ዓመታዊ 7.2 የዚያን ከሲሶ በላይ ያክላል። ለማይሠራ ሰው።

ኮሎምቢያ_ሳውዝ
ሁሉም ምሳሌ የወንዶች ፉትቦል ሆነ። ሳውዝ ካሮላይና በጃንዋሪ 2025 ለዶውን ስቴሊ እስከ 2029-30 አራዘመላት፣ በዓመት 4 ሚሊዮን ገደማ ተጀምሮ፤ በሴቶች ቅርጫት ኳስ ያን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ አልነበረም። በ2017፣ በ2022 እና በ2024 ዋንጫ ወስዳለች። ውሉ የተራዘመው በአንድ ጥሩ ዓመት ሳይሆን በአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ነው። ዓመቱም አምስት ገደማ ብቻ ነው፣ አሥር አይደለም። ይገባታል የሚለው ቃል ለእንደዚህ ያለ ነው።

ሸገር_ዳላስ
የስቴሊ ላይ ማንም የሚከራከር አይመስለኝም። አሁን የቀረው ለአዲስ አሰልጣኝ ምን ዓይነት ውል ይጻፍ የሚለው ነው። የሒሳብ ሰው፣ አንተ ዳይሬክተር ብትሆን?

የሒሳብ_ሰው
አምስት ዓመት። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ማፍረሻው ከቀሪው 80 በመቶ፣ ከዚያ 60። በዓመት 8 ሚሊዮን ተከፍሎት ሦስት ዓመት ሲቀረው ቢሰናበት 24 በ60 በመቶ፣ 14.4 ሚሊዮን ነው፤ በየወሩ የሚከፈል፣ በገበያ ዋጋ የሚቀነስ። 9 ካሸነፈ አንድ ዓመት በራሱ ይጨመርለታል፣ ዋስትናው ግን አብሮ አያድግም። ጥሩ ዓመት ሲያሳልፍ ሽልማቱን በቦነስ ይወስዳል፤ ቦነስ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል፣ ደመወዝ ግን ከተጨመረ ማፍረሻውንም ይዞ ይወጣል።

ኤ ኤንድ ኤም ራሱ ከፊሸር በኋላ ማይክ ኤልኮን ሲቀጥር ወደዚህ ተጠግቶ ነበር፦ 6 ዓመት፣ በዓመት 7 ሚሊዮን፣ የቀረው በፕሌይኦፍ ቦነስ።

አቶ_ታዛቢ
ነበር ማለትህ ትክክል ነው። ኖቬምበር 2025 ኤልኮ 10 ጨዋታ ሳይሸነፍ እንደቆመ እስከ 2031 አራዘሙለት፣ በዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ። የፊሸር ክፍያም የሚያልቀው በ2031 ነው።

የሒሳብ_ሰው
ሁለቱ ቼክ በአንድ ዓመት ያልቃል ማለት ነው። የአዲሱን የማፍረሻ አንቀጽ ያገኘ ሰው እዚህ ይለጥፈው፣ እንሠራዋለን።